በሲኤንሲ ራውተር እንጨት ሲቀረጽ የመስመር ስፋት ሲለያይ፦ መንስኤውን የመለየትና የማስተካከል ዝርዝር መመሪያ

በኮምፒውተር በሚመራ የእንጨት መቅረጫ ማሽን (ሲኤንሲ ራውተር) ላይ ቪ-ቢት በሚባለው ጫፉ እንደ V የሾለ መቁረጫ የአማርኛ ፊደል፣ ሐረግ ወይም የመስቀል ጌጥ በጣውላ ላይ ሲቀረጽ በአንዱ ጫፍ መስመሩ ይወፍራል፤ በሌላው ጫፍ ደግሞ ሊጠፋ እስኪቃረብ ድረስ ይቀጥናል። አብዛኛው ሰው በዚህ ጊዜ ወደ ኮምፒውተሩ ተመልሶ ዲዛይኑን ያስተካክላል ወይም የኤክስና የዋይ (የግራ-ቀኝና የፊት-ኋላ) ሞተሮችን ቅንብር ይነካካል። የችግሩ ምንጭ ግን ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ከፍታ ስለሆነ ሁለተኛውም ጣውላ እንደ መጀመሪያው ይበላሻል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች የተደረደሩት አንዱ የሌላውን ውጤት እንዳያደናግር ነው፤ ስለዚህ ሳይዘሉ ይከተሏቸው፤ በአንድ ጊዜም ከአንድ ነገር በላይ አይቀይሩ።

በቅድሚያ ሊያዝ የሚገባው ስሌት

ቪ-ቢት የሚያወጣው መስመር ስፋት የሚወሰነው ቢቱ በገባበት ጥልቀትና በቢቱ ማዕዘን ነው።

- በ90 ዲግሪ ቢት፦ ስፋት = ጥልቀት × 2
- በ60 ዲግሪ ቢት፦ ስፋት = ጥልቀት × 1.15
- በ30 ዲግሪ ቢት፦ ስፋት = ጥልቀት × 0.54

የቢቱ ጫፍ ሹል ሳይሆን 0.1 ወይም 0.2 ሚ.ሜ. ጠፍጣፋ ከሆነ ያንን በውጤቱ ላይ ይደምሩ። ከዚህ እንደሚታየው የጣውላው ፊት በ0.2 ሚ.ሜ. ብቻ ከፍና ዝቅ ቢል፣ በ90 ዲግሪ ቢት የመስመሩ ስፋት በ0.4 ሚ.ሜ. ይለያያል። 1 ሚ.ሜ. ስፋት ባለው ቀጭን የፊደል እግር ላይ ይህ ልዩነት ከሩቅ ይታያል። ስለዚህ የሥራዎ መስመሮች ቀጫጭን ከሆኑና ጣውላዎ ፍጹም ደልዳላ ካልሆነ ከ90 ይልቅ 60 ዲግሪ ቢት መምረጡ ብቻ ስህተቱን በ40 በመቶ ያህል፣ 30 ዲግሪ ደግሞ በ70 በመቶ ያህል ይቀንሰዋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ካሊፐር፣ ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን የከፍታ ልዩነትን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) ከነመያዣው፣ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ፣ ማጉያ መነጽር፣ ቀጭን ማርከር፣ 22 ወይም 25 ሚ.ሜ. ስፋት ያለው የፊት መላጊያ ቢት፣ የኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ሰሌዳ) ቁራጭ፣ ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር እና የኮሌት (የቢቱን እግር ጨምድዶ የሚይዝ ቀለበት) ዳዶ መፍቻዎች ያዘጋጁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ቢቱን ወይም ኮሌቱን በእጅ ከመንካትዎ በፊት የስፒንድሉን (ቢቱን የሚያሽከረክረውን ሞተር) ኃይል ከመሰኪያው ያቋርጡ፤ በሶፍትዌሩ ማቆም በቂ አይደለም። ኤምዲኤፍ ሲላግ የሚወጣው ደቃቅ ብናኝ ሳንባ ስለሚጎዳ የብናኝ ጭንብል ያድርጉ፤ ማሽኑ በሚሠራበት ጊዜ ሁሉ የዓይን መከላከያ አይለዩ።

ደረጃ 1፦ የተበላሸውን ሥራ ሳይፈቱ ያንብቡት

ጣውላውን ከማሽኑ ላይ አያንሱ። ከተነሳ በኋላ ወደ ነበረበት ከፍታ መመለስ አይቻልም፤ ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል። በማጉያ መነጽር እያዩ መስመሮቹን በአራቱም ማዕዘኖችና በመሃል ይለኩና የሚከተሉትን ምልክቶች ይፈልጉ።

- ስፋቱ ከአንድ ጎን ወደ ሌላው ቀስ በቀስ ከተለወጠ የጣውላው ፊትና ማሽኑ የሚንቀሳቀስበት ወለል ትይዩ አይደሉም። ወደ ደረጃ 4 እና 5 የሚያመራ ምልክት ነው።
- መሃሉ ከጠርዞቹ ከተለየ ጣውላው ጎብጧል ወይም ከሥሩ ክፍተት አለ።
- ልዩነቱ ቦታን ሳይሆን ጊዜን ከተከተለ፣ ማለትም መጀመሪያ የተቀረጸው ቀጭን ሆኖ በኋላ የተቀረጸው ወፍራም ወይም በተቃራኒው ከሆነ፣ ቢቱ በኮሌቱ ውስጥ ተንሸራቷል ወይም የዜድ (የላይ-ታች) ዘንግ ቦታውን ስቷል።
- ሁሉም መስመሮች በእኩል መጠን፣ ለምሳሌ ቀጭኑም ወፍራሙም በ0.4 ሚ.ሜ. ከሰፉ ወይም ከጠበቡ የዜድ ዜሮ (ማሽኑ ከፍታን መቁጠር የሚጀምርበት ነጥብ) በትክክል አልተያዘም፤ ወይም የቢቱ ጫፍ ተሰብሯል።
- መስመሮቹ በመጠናቸው ልክ ከጠበቡ፣ ማለትም 2 ሚ.ሜ. የነበረው 1.15 ሲሆን 4 ሚ.ሜ. የነበረው 2.3 ከሆነ፣ ሶፍትዌሩ 90 ዲግሪ እያሰበ ማሽኑ ላይ የታሰረው 60 ዲግሪ ቢት ነው።
- በጠፍጣፋ ቢት በተቆረጠ ሥራ ላይ አግድም መስመሮች ከቁም መስመሮች ከተለዩ ወደ ደረጃ 8 የሚያመራ ምልክት ነው።

የመጨረሻዎቹን ሦስት ምልክቶች ካዩ ደስ ይበልዎት፤ መንስኤያቸው ጥቂትና ግልጽ ስለሆነ በፍጥነት ይፈታሉ። አስቸጋሪዎቹ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው፤ ብዙ ጊዜም ተደርበው ይመጣሉ።

ደረጃ 2፦ በኤምዲኤፍ ላይ የሙከራ መስመሮችን ይቅረጹ

1. ከተበላሸው ሥራ ጋር እኩል ስፋት ያለው የኤምዲኤፍ ቁራጭ በባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ሙሉ በሙሉ ከጠረጴዛው ጋር ያጣብቁ። ጠርዙን ብቻ አያጣብቁ።
2. ፊቱን በጥቁር ማርከር ወይም በስሱ ቀለም ይቀቡት። ቀለሙ የመስመሩን ጠርዝ ጥርት አድርጎ ያሳያል፤ ያለ እርሱ በካሊፐር የሚያገኙት ልኬት አያስተማምንም።
3. በኤክስ አቅጣጫ አምስት፣ በዋይ አቅጣጫ አምስት ረጃጅም መስመሮችን በቋሚ የ1 ሚ.ሜ. ጥልቀት ይቅረጹ። በ90 ዲግሪ ቢት እያንዳንዳቸው 2 ሚ.ሜ. መስፋት አለባቸው።
4. መገናኛዎቹን እየተከተሉ ስፋቱን ይለኩና በወረቀት ላይ በሰንጠረዥ ይመዝግቡ።

በኤምዲኤፍ ላይ ሁሉም መስመር እኩል ከወጣ ማሽንዎ ደህና ነው፤ ችግሩ ከጣውላው ወይም ከአስተሳሰሩ ስለሆነ ደረጃ 3ን ካረጋገጡ በኋላ በቀጥታ ወደ ደረጃ 5 ይለፉ። በኤምዲኤፍም ላይ ከተለያየ በተራ ይቀጥሉ።

ደረጃ 3፦ ቢቱንና ኮሌቱን ያረጋግጡ

1. ቢቱን አውጥተው ጫፉን በማጉያ ይመርምሩ። በ90 ዲግሪ ቢት ላይ ከጫፉ 0.3 ሚ.ሜ. ብቻ ቢሰበር 0.6 ሚ.ሜ. ጠፍጣፋ ጫፍ ይፈጠራል፤ በዚህ ጫፍ ዜሮ ሲያዝ ሁሉም መስመር በዚያው መጠን ይሰፋል፤ የመስመሩ ግርጌም ሹል መሆኑ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ቢት ይተኩ።
2. በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ማዕዘን ብቻ አይመኑ። በ2 ሚ.ሜ. ጥልቀት አጭር መስመር ቅረጹና ይለኩ፤ 4 ሚ.ሜ. ከሆነ 90 ዲግሪ፣ ወደ 2.3 ሚ.ሜ. ከተጠጋ 60 ዲግሪ ነው። አንዳንድ ሶፍትዌር ግማሹን ማዕዘን፣ አንዳንዱ ሙሉውን ስለሚጠይቅ የትኛውን እንደሚፈልግ አይተው ያስገቡ።
3. ኮሌቱን ከዳዶው አላቀው ከእንጨት ሙጫና ከብናኝ ያጽዱ። መልሰው ሲገጥሙ ኮሌቱ መጀመሪያ በዳዶው ውስጥ «ቀጭ» ብሎ ይግባ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ቢቱን ያስገቡ። ይህ ቅደም ተከተል ከተገለበጠ ቢቱ ዘንበል ብሎ ይሽከረከራል።
4. የቢቱ እግር የኮሌቱን ሙሉ ርዝመት ሞልቶ ይያዝ፤ ግን እስከ መጨረሻው ገፍተው ከስፒንድሉ ውስጠኛ ወለል ጋር አያላትሙት።
5. በሁለት መፍቻ ካጠበቁ በኋላ በቢቱ እግርና በዳዶው መገናኛ ላይ በማርከር ቀጭን ምልክት ያድርጉ።

ከሥራ በኋላ ምልክቱ ከተነሳ ቢቱ ተንሸራቷል። ቪ-ቢት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ላይ ስለሚገፋ መስመሩ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ወደ ላይ የሚያወጣ ጠመዝማዛ ቢት ግን ራሱን ወደ እንጨቱ ስለሚስብ እየጠለቀ ይሄዳል። ከጽዳት በኋላም ከተንሸራተተ ኮሌቱ አልቋልና ይቀይሩት፤ ዳዶውን ከልክ በላይ ማጥበቅ መፍትሔ አይሆንም።

ደረጃ 4፦ የሥር ሰሌዳውን በራሱ ማሽን ይላጉ

ጠረጴዛውን በውሃ ልክ ማስተካከል እዚህ ላይ አይጠቅምም። ዋናው ነገር ከሥር የተነጠፈው ሰሌዳ ማሽኑ ከሚንቀሳቀስበት ወለል ጋር ትይዩ መሆኑ ነው፤ ይህንንም ማሽኑ ራሱ ብቻ በትክክል ሊያወጣው ይችላል።

1. ሰሌዳውን በብሎን በሚገባ አስረው፣ የብሎን ራሶች ከቢቱ መሄጃ በታች መስመጣቸውን በእጅዎ ያረጋግጡ።
2. መላውን ፊት በእርሳስ በሰያፍ ያስምሩ።
3. የሰሌዳውን ዝቅተኛ ቦታ ፈልገው ዜሮን እዚያ ይያዙ፤ ከዚያም በ25 ሚ.ሜ. መላጊያ ቢት፣ በየመንገዱ 10 ሚ.ሜ. እየተዛወሩ፣ በእያንዳንዱ ዙር ከ0.3 እስከ 0.5 ሚ.ሜ. ይላጉ። ከፍተኛው ቦታ ከዚህ በላይ ከፍ ያለ ከሆነ ሥራውን ከላይ ጀምረው በብዙ ዙር ይከፋፍሉት።
4. የእርሳሱ መስመር ከሁሉም ቦታ እስኪጠፋ ድረስ ይድገሙት።

ከተላገ በኋላ በየመንገዱ መካከል በጥፍር የሚሰማ ደረጃ ካለ ስፒንድሉ ዘንብሏል። ዳያል ጌጁን በስፒንድሉ ላይ በሚታሰር ክንድ አድርገው በእጅ እያዞሩ በግራና በቀኝ፣ በፊትና በኋላ ያንብቡ፤ በ200 ሚ.ሜ. ስፋት ላይ ልዩነቱ 0.05 ሚ.ሜ. እስኪደርስ ድረስ በስፒንድሉ መያዣ ሥር ስስ ቆርቆሮ እየጨመሩ ያስተካክሉና ሰሌዳውን እንደገና ይላጉ።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት በስፋት ይሠራል፦ የስፒንድል መዝመም ስፋቱን ከቦታ ቦታ አይለዋውጥም። የሚያደርገው የመስመሩን አንድ ግድግዳ ከሌላው ይበልጥ ቀጥ ማድረግ ነው። ስለዚህ መስመሩ በአንድ ጫፍ ወፍራም፣ በሌላው ቀጭን ከሆነ ሰዓታትን ስፒንድል በማቃናት አያባክኑ።

ኤምዲኤፍ እርጥበት ሲያገኝ ስለሚያብጥ ክረምት ሲገባና ሲወጣ ሰሌዳውን እንደገና መላግ ያስፈልጋል።

ደረጃ 5፦ ጣውላውን ያዘጋጁና ይሰሩ

አብዛኛው ሥራ የሚበላሸው እዚህ ስለሆነ ለዚህ ደረጃ ጊዜ አይሰስቱ።

1. ጣውላው ወርክሾፕዎ ውስጥ ለተወሰኑ ሳምንታት ተደግፎ ሳይሆን በመለያያ እንጨቶች ላይ ተነጥፎ ይቆይ። እርጥብነቱ ያልወጣለት ዋንዛ ወይም ባሕር ዛፍ ዛሬ ደልዳላ ሆኖ ቢላግ ነገ ሊጎብጥ ይችላል።
2. ብረት ማስመሪያውን በጠርዙ አቁመው በጣውላው ላይ በቁም፣ በአግድምና በሰያፍ ያስኬዱ፤ ከሥሩ ብርሃን የሚያልፍ ከሆነ ጣውላው ጎብጧል።
3. የታችኛውን ፊት በመላጊያ ያስተካክሉ። ሁለቱንም ፊት ማስተካከል ካልቻሉ ቅድሚያ የሚሰጠው ለታችኛው ነው፤ የላይኛውን ማሽኑ ያስተካክለዋል።
4. የጎበጠን ጣውላ በክላምፕ ጨቁነው ለማቃናት አይሞክሩ። መሃሉ ከሥር ባዶ ከሆነ ቢቱ ሲጫነው ይወርዳል፣ ሲለቀው ይመለሳል፤ መስመሩም በዚያው ልክ ይቀጥናል። ክፍተቱን በወረቀት ወይም በካርቶን ሞልተው፣ ጣውላው ያለ ምንም ጫና ሲቀመጥ አለመወዛወዙን አረጋግጠው ይሰሩ።
5. ክላምፕ ከሚቀረጸው ቦታ ርቆ ከሆነ መሃሉን በባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ያግዙት።
6. ጣውላው ከታሰረ በኋላ የላይኛውን ፊት በመላጊያ ቢት 0.3 ሚ.ሜ. ያህል ይላጉ። ከዚህ በኋላ ሳይፈቱና ክላምፕ ሳያዛውሩ ቢት ብቻ ቀይረው ይቅረጹ።

ስድስተኛው ነጥብ ከዚህ መመሪያ ሁሉ ይበልጥ ዋጋ ያለው ነው። ስፒንድሉን የሚሸከመው ረጅሙ ድልድይ በመሃሉ በጥቂቱ የሚረግብበት ማሽን እንኳ፣ ፊቱን የላገውም የሚቀርጸውም ያው ድልድይ ስለሆነ፣ ስህተቱ ራሱን በራሱ ያጠፋል።

ፊቱ ሊላግ የማይችል ሥራ ከሆነ፣ ለምሳሌ በስስ ልጣጭ የተሸፈነ ኮምፔንሳቶ ወይም የተጠናቀቀ በር፣ የከፍታ ካርታ ይጠቀሙ። ካንድልና ቢሲኤንሲ የተባሉት ነጻ ፕሮግራሞች ይህ አገልግሎት አላቸው፤ ፊቱን በነጥብ በነጥብ ነክተው ጂ-ኮዱን (የማሽኑን የእንቅስቃሴ ትእዛዝ ፋይል) ከጉብጠቱ ጋር ያስማማሉ። እንጨት ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ በሚነካበት ቦታ ሁሉ የሚሠራ የመንኪያ ማብሪያ ወይም ስስ የአሉሚኒየም ወረቀት ያስፈልግዎታል። የነጥቦቹ ርቀት ከ30 እስከ 50 ሚ.ሜ. ቢሆን ለጣውላ ይበቃል።

ደረጃ 6፦ የዜድ ዜሮን በአንድ መንገድ ብቻ ይያዙ

1. ዜሮን በጣውላው ፊት ላይ፣ ከሚቀረጸው ቦታ አጠገብ ይያዙ። ጥልቀቱ ከጣውላው ፊት ለሚቆጠር ቅርጽ በሥር ሰሌዳው ላይ ዜሮ አይያዙ።
2. በወረቀት የሚይዙ ከሆነ የተራ ጽሕፈት ወረቀት ውፍረት 0.1 ሚ.ሜ. ያህል መሆኑን አስታውሰው ይቀንሱ። በ90 ዲግሪ ቢት ይህን መርሳት 0.2 ሚ.ሜ. ያጠብባል።
3. በመንኪያ ሳህን የሚይዙ ከሆነ ውፍረቱን በካሊፐር ለክተው ያስገቡ፤ በሻጩ የተጻፈውን ቁጥር አይውሰዱ።
4. ከሥራው ውጭ ባለ ጥግ ላይ ትንሽ መስቀለኛ ምልክት ቀርጸው ከፍታውን ይመዝግቡ። ቢት በቀየሩ ቁጥርና ሥራው ሲያበቃ ወደዚህ ነጥብ ተመልሰው ያነጻጽሩ።

በሥራ መካከል መብራት ከጠፋ ወይም ኃይሉ ከተዋዠቀ ካቆመበት አያስቀጥሉ። ስቴፐር ሞተሮች (በእርምጃ የሚዞሩት የማሽኑ ሞተሮች) ቦታቸውን ስለሚስቱ ከመስቀለኛው ምልክት ተነስተው ሦስቱንም ዘንጎች እንደገና ዜሮ ያድርጉ።

ደረጃ 7፦ የዜድ ዘንግ ቦታውን የሚስት መሆኑን ይፈትሹ

የኮሌቱ ምልክት ሳይነሳ፣ ጣውላውም ሳይንቀሳቀስ ከፍታው ከተለወጠ ተጠያቂው የዜድ ዘንግ ነው።

1. ስፒንድሉን አጥፍተው ዳያል ጌጁን ከሥሩ ያቁሙ።
2. በፈጣን እንቅስቃሴ 20 ሚ.ሜ. ወደ ላይ፣ 20 ሚ.ሜ. ወደ ታች 50 ጊዜ የሚመላለስ አጭር ጂ-ኮድ ያሂዱ።
3. ንባቡ ወደ መጀመሪያው ካልተመለሰ ይመዝግቡ። ከባድ ስፒንድል ሲነሳ ሞተሩ እርምጃ ስለሚስት ዘንጉ አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ መስመሩም ከጊዜ ወደ ጊዜ የሚወፍረው በዚህ ምክንያት ነው።
4. ማሽኑ በገርብል (GRBL በሚባለው የመቆጣጠሪያ ፕሮግራም) የሚሠራ ከሆነ $112 የሚባለውን የዜድ ከፍተኛ ፍጥነትና $122 የሚባለውን ማፍጠኛ በግማሽ ቀንሰው ሙከራውን ይድገሙ።
5. አሁንም ካልተስተካከለ በሞተሩና በጠመዝማዛው ዘንግ ማገናኛ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ብሎኖች ያጥብቁ፣ ዘንጉን አጽድተው ይቀቡ፤ በቺንጋ የሚሠራ ከሆነ የቺንጋውን ጥብቀት ይመልከቱ።

ከዚያ 10 ሚ.ሜ. አዝዘው በዳያል ጌጅ ይለኩ። የተንቀሳቀሰው 9.8 ከሆነና $102 (የዜድ ሞተር ለ1 ሚ.ሜ. የሚራመደው እርምጃ) ላይ ያለው ቁጥር 400 ከሆነ አዲሱ ቁጥር 400 × 10 ÷ 9.8 = 408.16 ይሆናል።

ደረጃ 8፦ አግድምና ቁም መስመሮች ከተለያዩ

በጠፍጣፋ ቢት ሁለቱን ጠርዝ ዞሮ የሚቆርጥ ሥራ ላይ የኤክስ ወይም የዋይ ዘንግ ልቅነት ስፋቱን ያጠብባል። አግድም መስመሮች ከጠበቡ ዋይን፣ ቁም መስመሮች ከጠበቡ ኤክስን ይመርምሩ፦ ቺንጋውን፣ የመንኮራኩሮቹን ጥብቀት፣ ኩሽኔታውንና የዘንጉን ዳዶ። በቪ-ቢት በአንድ ጉዞ የሚቀረጽ መስመር ግን በዚህ ምክንያት አይሰፋም፤ ቦታውን ብቻ ይስታል።

ደረጃ 9፦ ፍጥነትና የእንጨቱ ጠባይ

ወይራና ሌሎች ጠንካራ እንጨቶች ላይ ቢቱ በፍጥነት ሲገፋ ደካማ ድልድይ ወደ ላይ ይለጠጣል፤ ጥግ ላይ ፍጥነቱ ሲቀንስ ደግሞ ተመልሶ ይጠልቃል። መስመሩ በጥጉ ላይ ብቻ ከወፈረ ምልክቱ ይህ ነው። ለአነስተኛ ማሽን በ16000 ዙር፣ ባለ ሁለት ስለት ቢት፣ በደቂቃ 1200 ሚ.ሜ. ቢጀምሩ እያንዳንዱ ስለት 0.0375 ሚ.ሜ. ይቆርጣል፤ ለብዙ እንጨት መነሻ ይሆናል። ከዚያም 0.2 ሚ.ሜ. አስቀርተው አንድ ዙር፣ ቀሪውን በሁለተኛ ዙር ይቁረጡ።

ቃጫው የሚነሳ እንጨት ከሆነ ከመቅረጽዎ በፊት ፊቱን አንድ ጊዜ ሲለር (ቃጫውን የሚያሽግ ቅብ) ቀብተው ያድርቁ፤ የተሰነጠረ ጠርዝ መስመሩን የሰፋ ያስመስለዋልና።

ደረጃ 10፦ ማለስለሻ ከቅርጹ በፊት

በብርጭቆ ወረቀት ማለስለሱን ከመቅረጽ በፊት ይጨርሱ። ከቅርጹ በኋላ በማሽን አንዱን ጎን 0.2 ሚ.ሜ. ይበልጥ ካለሰለሱ፣ በ90 ዲግሪ የተቀረጸው መስመር እዚያ ጎን በ0.4 ሚ.ሜ. ይቀጥናል፤ ማሽኑ ፍጹም ቢሠራም እንኳ ውጤቱ የተዛባ ይሆናል። ቀለም የተሞላበትን ፊደል ለማጽዳት ማለስለስ ግድ ከሆነ ወረቀቱን በደልዳላ እንጨት ላይ ጠቅልለው፣ በእጅ፣ በመላው ፊት ላይ እኩል ይሂዱ።

የተበላሸውን ጣውላ ማዳን

ጣውላው ገና ካልተፈታ፦

- መስመሮቹ ሁሉ በእኩል ከቀጠኑ የጎደለውን ስፋት በቢቱ ቁጥር ያካፍሉ። በ60 ዲግሪ ቢት 0.46 ሚ.ሜ. ከጎደለ 0.46 ÷ 1.15 = 0.4 ነው፤ የዜድ ዜሮን 0.4 ሚ.ሜ. ዝቅ አድርገው ያንኑ ጂ-ኮድ ይድገሙ።
- መስመሮቹ በእኩል ከወፈሩ የጣውላውን ፊት በመላጊያ ቢት በዚያው ስሌት ይላጉ፤ መስመሮቹ ይቀጥናሉ።
- አንዱ ጎን ብቻ ከወፈረ ፊቱን በሙሉ በቀጭን ዙር እየላጉ፣ ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ እየለኩ ይሂዱ። ቀጭኑ መስመር ሊጠፋ ሲቃረብ ያቁሙና አዲሱን ፊት ዜሮ አድርገው ሙሉውን ሥራ እንደገና ይቅረጹ፤ አዲሱ ቅርጽ የቀድሞውን ውጦ እኩል እንዲወጣ ግን የተላገው ፊት ላይ የቀረው ወፍራም መስመር ከዲዛይኑ ስፋት መብለጥ የለበትም።

ጣውላው ከተፈታ በኋላ ግን መልሶ በማሰር ያንኑ መስመር ለመከተል አይሞክሩ፤ መስመሩ ይደረባል። ፊቱን እስከ ቅርጹ ግርጌ ድረስ ልገው፣ የቀረው ውፍረት ለሥራው የሚበቃ ከሆነ ከደረጃ 5 ይጀምሩ።